የወለላ ርግጫ

የሸንጎው ቀን ሲነጋ ቢራራን እንደ ሙሽራ አላስቀምጥ አለው። የተሰበረው እግሩ በቀርከሃ ታስሮ እንደ ሞፈር ቀጥ ብሏል። እሱ ግን መደቡ ላይ ቁጭ ብሎ፣ “ጋቢዬን አቀብይኝ፣ ምርኩዜን አቅርቢልኝ፣ አህያይቱ መጣች ወይ?” እያለ ሚስቱን ይታይሽን መግቢያ መውጫ አሳጣት።

“ኧረ ቀስ በል፤ ዳኞቹ ገና ከብታቸውን ከበረት አላወጡም” አለችው።

“እነሱ ምን ቸገራቸው። እግር አላቸው።”

“አንተስ ምላስ አለህ። ብቻ እዚያ ሄደህ የድሮውን ሁሉ እንዳትዘከዝክ። የሰርጉን ነገር እንዳታነሣ።”

ቢራራ አቀረቀረ። የሰርጉን ነገር ሊያነሣ አስቦ ነበርና። ጎረቤቱ አቶ ሽበሺ ልጁን ሲድር ቢራራን ከዳሱ በር አጠገብ፣ ውሻ ከሚመላለስበት ላይ አስቀምጦት፣ ጠላው ሳይደርሰው ድግሱ አልቋል። ይኼ ከሆነ ብዙ ዘመን ነው። ይህን ያህል ጊዜ ቂም ምን ያደርግለታል የሚል ካለ፣ በር ላይ ተቀምጦ የማያውቅ ሰው መሆን አለበት።

ክሱ ግን የሰርግ አይደለም፤ የእግር ነው። የሁለቱ ሰዎች ግቢ ከደባርቅ ወደ ዳባት በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ጎን ለጎን ነው። በመካከላቸው ወደ ምንጩ የምትወርድ ጠባብ መተላለፊያ አለች፤ ግራና ቀኟ የድንጋይ ካብ። መተላለፊያዋ የመንደሩ ሁሉ ናት። ሽበሺ ግን ካቡ ሥር የሚበቅለውን ለምለም ሣር ብሎ ወለላ የምትባል በቅሎውን እዚያው መሀል ላይ ያስራት ነበር። ውኃ የሚቀዳው ሰው ሁሉ ካቡን ታክኮ፣ ሆዱን ሰብስቦ፣ እሷን እንደ ወይዘሮ እየተለማመጠ ያልፋል። “ኧረ ይቺን በቅሎ ከመንገድ ያንሡልን” ያለው ቢራራ ብቻ ነው። ሽበሺም ከበቅሎው ሳይወርድ፣ “አንተ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው መንገድ ያማረህ?” ብሎት ሄደ።

በሚያዝያ መጨረሻ ቢራራ ለበሬው ጭድ ተሸክሞ በዚያችው መተላለፊያ ሲያልፍ ወለላ በርግጫ አለችው። ቅልጥሙ እንደ ደረቅ ጭራሮ ቀጭ ሲል በገዛ ጆሮው ሰማው። እሪ ብላ አገር የጠራችው ከምንጩ የምትመለሰው ታየች ናት፤ የሽበሺ የወንድሙ ሚስት። ወጌሻው እግሩን አቃንቶ አሰረለትና፣ “ሰኔና ሐምሌን እርፍ እንዳትይዝ፤ ከያዝክ ዕድሜህን ሙሉ ትጎትተዋለህ” አለው።

ቢራራን ከስብራቱ ይልቅ ያመመው ይኼ ቃል ነው። የገበሬ ማኅበሩ ለሰኔ ሚካኤል ሳይታረስ የተገኘ መሬት ለሌላ ይሰጣል ብሎ ወስኗል። ለቢራራ የደረሰችው የገብስ መሬት ደግሞ ከመሬት አዋጁ በፊት የሽበሺ አባት ርስት ነበረች፤ ከሽበሺ ድርሻም ጋር ወሰንተኛ ናት። ሽበሺ ገና ካሁኑ በጠላ ቤት፣ “እንግዲህ ወደ ቤቷ ልትመለስ ነው” ማለት ጀምሯል። ደቦ ይጠራ እንዳይባል ቢራራ የሚደግሰው የለውም። ወንፈል ይጠይቅ እንዳይባል ሰው የሠራለትን መልሶ የሚሠራበት እግር የለውም። ሰው እርዳኝ ሲሉት ብድሩን የማይመልሱለት መሆኑ ትዝ ይለዋል፤ ሲቀበል ነው የሚረሳው።

ሽማግሌዎች ለዕርቅ መጥተው ነበር። መሪጌታ ገብረ ኪዳን መስቀላቸውን አውጥተው፣ “ልጄ ቢራራ፣ ሽበሺ ለመረቅ የሚሆን አንድ ሙክት ልስጥ ብሏል። ይቅር በለው፤ ጎረቤት ናችሁ” አሉት።

“አባ፣ ሙክቱ ያርስልኛል?”

“ሙክት እንዴት ያርሳል?”

“እንግዲያውስ እከሰዋለሁ።”

እንዲህ ነው ነገሩ ሸንጎ የደረሰው።

ረፋዱ ላይ ቢራራ የታሰረ እግሩን በአንድ ወገን አንጠልጥሎ፣ በመሪጌታ አህያ ላይ ሆኖ ወደ ማኅበሩ አዳራሽ ሄደ። ይታይሽ ከኋላ ትደግፈዋለች። አዳራሹ ቆርቆሮ ክዳን ያለው ረዥም ቤት ነው፤ ግድግዳው ላይ “ኢትዮጵያ ትቅደም” ተብሎ በቀይ ቀለም ተጽፏል። መሠረተ ትምህርት በተጀመረ በሁለተኛው ዓመት ስለሆነ፣ ያን ጽሑፍ በጣቱ እየጠቆመ ድምፁን ከፍ አድርጎ ሳያነብ የሚገባ አልነበረም። ሰዉ ከመንደሩም ከገበያውም መጥቶ ሞልቷል። ቢራራ ይህን ሁሉ ሕዝብ ሲያይ ጋቢውን አስተካከለ። ዕድሜ ልኩን ለሱ ጉዳይ ይህን ያህል ሰው ተሰብስቦ አያውቅም።

ሽበሺ የመጣው ሁሉም ከገባ በኋላ ነው። ጥቁር በርኖሱን ደርቦ፣ ወለላን እያሰገረ መጣ። እሷም አንገቷን ቀልብሳ፣ ጀርባዋ ላይ የለበሰችው ግላስ እየተርገበገበ፣ መሬቱን እንደተጠየፈች ሁሉ እግሯን ነካ ነካ እያደረገች ደረሰች። ሽበሺ ወርዶ በሩ ፊት ለፊት፣ ሁሉም ሊያያት ከሚችልበት ላይ አሰራት።

“የተከሰሰችውን ይዟት መጣ” አለ አንዱ ከኋላ።

“መሐላ ልታስገቧት ነው?” አለ ሌላው። ሰዉ ሳቀ።

የሸንጎው ሰብሳቢ አይቸው የሚባል ገበሬ ነው። ጎንደር ሄዶ ስለ ዳኝነት ትምህርት ወስዶ መጥቷል፤ ከዚያ ወዲህ ሲናገር ጉሮሮውን ሳይጠርግ አይጀምርም። በግራና በቀኙ ሁለት ዳኞች ተቀምጠዋል። ጉሮሮውን ጠረገና፣ “ከሳሽ፣ ተናገር” አለ።

ቢራራ ምርኩዙን ተደግፎ በአንድ እግሩ ቆመ። መተላለፊያውን፣ ጭዱን፣ ርግጫውን ተናገረ። የሰርጉ ነገር እስከ ምላሱ ጫፍ ድረስ መጥታ ይታይሽ ጋቢውን ሳብ ስታደርገው ዋጣት። “የምጠይቀው እግሬ እስኪጠና ድረስ አቶ ሽበሺ እንዲያርሱልኝና እንዲዘሩልኝ ነው” ብሎ ጨረሰ።

“ተከሳሽ፣ መልስዎን።”

ሽበሺ በርኖሱን ወደ ትከሻው መለሰ። ከዳባት አንድ ነገረ ፈጅ አስጠንቶት እንደመጣ ቀድሞ ተወርቶ ነበር። “ውሸት ነው” አለ። “ይህ ሰው ከካብ ላይ ወድቆ ነው የተሰበረው። የእኔ በቅሎ... የእኔ በቅሎ ለስላሳ ናት። ሰው አትነካም። አርጅታለች። ዝንብ እንኳ እሽ አትልም።”

ታየች ለምስክርነት ተጠራች። ነጠላዋን እስከ ዓይኗ አወረደችና፣ “እኔ ማድጋ አዝዬ አጎንብሼ ነበር። ያየሁት የለም” አለች።

“እሪ ያልሽው ታዲያ ምን አይተሽ ነው?” አለ ቢራራ።

“እሪታህን ሰምቼ ነዋ። እኔስ ያገዝኩህ መስሎኝ ነበር።”

ሰዉ ጉም ጉም አለ። ሁሉም እውነቱን ያውቃል፤ አንድም ሰው አፉን አልከፈተም። ከሽበሺ በሬ የሚዋስ አለ፣ ከሽበሺ ዘር የሚበደር አለ፣ ነገ ወለላን ለሙሽራው የሚለምን አለ። ቢራራን የሚለምነው ማን ነው?

አይቸው ጉሮሮውን ጠረገ። “ሕጉ እንዲህ ነው” አለ። “እንስሳ በሰው ላይ ላደረሰው ጉዳት ባለቤቱ ኃላፊ ነው፤ ገመዷን በጥሳ ብትሆንም ያው ነው። ባለቤቱ ጥፋት ከሌለበት ግን፣ እንስሳዋን ለተጎዳው ሰው አስረክቦ ከዕዳው ነፃ መውጣት ይችላል። ይህ ሁሉ የሚመጣው ግን እንስሳዋ መጉዳቷ ሲታወቅ ነው። ቢራራ፣ ሌላ ምስክር አለህ?”

“የለኝም።”

“እንግዲህ የመጨረሻ ቃልህን ስጥና እንወስናለን።”

ይታይሽ አቀርቅራ ማልቀስ ጀመረች። ቢራራ መሬቲቱ ከእጁ ስታፈተልክ ታየችው፤ የሽበሺ በሬዎች ሲገቡባት፣ ሽበሺ ዳር ቆሞ ጢሙን ሲያሻሽ ታየው። ቀና ሲል ዓይኑ ከሽበሺ ፊት ላይ ዐረፈ።

ሽበሺ ረትቶ ሳለ ደስ ያለው አይመስልም። አንድ ሰው ከኋላ ቀስ ብሎ፣ “ወለላ ለካ አርጅታለች?” ሲል ቢራራ ሰማ። ሽበሺም ሰማ። ኮሶ እንደጠጣ ሰው ፊቱን አጨማደደ፤ ዓይኑንም ወደ በሩ፣ ወደ በቅሎዋ ወርወር አድርጎ ቶሎ መለሰ። ይቅርታ እንደመጠየቅ ያለ ነበር።

ቢራራ ይህን አየ። አንድ ነገር መጣለት። ነገሩ ካልያዘለት በገዛ አፉ ራሱን የረታ ሞኝ ተብሎ ልጅ ይስቅበታል። ግን ከዚህ ወዲያ የሚቀርበት ምን አለ?

“ጓድ ሰብሳቢ” አለ። “አቶ ሽበሺ እውነታቸውን ነው።”

ይታይሽ እንባዋን አቁማ ቀና ብላ አየችው።

“ምን ማለትህ ነው? ክስህን ትተሃል?” አለ አይቸው።

“ልጨርስ፣ ይፍቀዱልኝ። እዚህ ቁጭ ብዬ በቅሎይቱን በደንብ አየኋት። እውነትም ይቺ አትራገጥም። ምን አቅም አላት? ያ ግላስ ነው የሚያቆማት፤ ቢያወልቁላት ትወድቃለች።”

ከኋላ አንድ ሁለት ሰው ሳቀ። ሽበሺ ወንበሩ ላይ ተቁነጠነጠ።

“ቀድሞ ሰጋር ናት ሲባል እሰማ ነበር” አለ ቢራራ። “ዛሬ ስትመጣ አየናት። ያ መስገር ነው? እኔ ያነከሰች መስሎኝ ነበር። ከኔ እግር ይልቅ የሷ እግር አሳዘነኝ።”

አሁን ሳቁ በረታ። ሽበሺ፣ “ሥርዓት ያስይዙልኝ” አለ ለሰብሳቢው።

“የርስዎን ቃል ነው የሚደግመው፤ አርጅታለች ብለዋል” አለ አይቸው።

“እሱማ... አዎ፤ ብያለሁ።”

“እኔማ እግዜርን ነው የማመሰግነው” አለ ቢራራ። እግሩ ይጠዘጥዘዋል፤ ድምፁ ግን እየሞቀ ሄደ። “ጓድ ሰብሳቢ አሁን ሕጉን ሲነግሩን ሰማሁ። ረግጣኝ ቢሆን ኖሮ አቶ ሽበሺ ይቺን አስረክበውኝ ሊገላገሉ ነበር። እኔ ድኻ ይቺን ተረክቤ ምን አደርጋታለሁ? ለዳባት ገበያ ባወጣት የሚጠይቀኝ የለ። ፍግ ላመላልስባት ይሆናል። እሱንም ከቻለች ነው። መቼም ግማሽ ስልቻ ፍግ አያቅታትም ብለን...”

“ፍግ?” አለ ሽበሺ።

“ወይም ጭቃ። ቤቴን ልመርግ አስቤ ነበር።”

“ወለላ ላይ? ፍግ?” ሽበሺ ከወንበሩ ተነሣ። በርኖሱ ከትከሻው ወደቀ፤ አላነሣውም። አጠገቡ የተቀመጠው ወንድሙ ክንዱን ሊይዘው ቢሞክር ገፈተረው። “አንተ የማንም ልጅ፤ በቅሎ የት ታውቃለህና ነው ስለ በቅሎ የምታወራው? ይቺ ከአዲ አርቃይ ተነሥታ ሊማሊሞን ሳትተነፍስ የወጣች ናት። ጅብ በረት ገብቶ በርግጫ ጥላ ያሳደረች ናት፤ ጠዋት ሬሳውን ጎትተን ያወጣን እኛ ነን። አርጅታለች? ከእኔ በቀር ሰው ጥላው እንኳ ሲነካት አትወድም። አንተንማ በኋላ እግሯ ለአመሉ ነካ አደረገችህ እንጂ፣ ከልቧ ብትልህ ኖሮ ዛሬ እዚህ ቆመህ ትለፈልፍ ነበር?”

ከውጭ ወለላ ጆሮዋን ስታማታ ብቻ ይሰማል።

አይቸው በዚህ ጊዜ ጉሮሮውን መጥረግ ረሳ። “ማንን ነው ነካ ያደረገችው?” አለ።

“ይሄን ነዋ። ይሄን...” ሽበሺ ጣቱ ወደ ቢራራ እንደተዘረጋ ቀረ።

“ሰው እንደማታስጠጋ ያውቁ ነበር?”

እዚህ ላይ ዝም ማለት ይችል ነበር። ወንድሙም፣ “ዝም በል፣ ዝም በል” እያለ ያሾከሹክለት ነበር። ሽበሺ ግን ገና ግሏል። “ከውርንጭላነቷ ያሳደግኋት እኔ ነኝ፤ የማላውቅባት ምን አለ?”

“እያወቁ ከሕዝብ መተላለፊያ መሀል አሰሯት?”

ያኔ ነገሩ ገባው። ቀስ ብሎ ተቀመጠ። ሰዉ በአንድ ጊዜ ፈነዳ፤ የሚስቀው፣ የሚያጨበጭበው፣ “አየህልኝ?” የሚባባለው ተደበላለቀ። ታየች ነጠላዋን ከዓይኗ ገለጥ አድርጋ፣ “እንግዲህ እሱ ራሱ ካለ፣ እኔም አይቻለሁ” አለች። ለዚህችም ተሳቀ።

የሽበሺ ወንድም ወደ ጆሮው ጠጋ ብሎ፣ ግን ሁሉም እየሰማው፣ “በቅሎዋን አስረክበውና እንውጣ” አለው።

“እሱ መውጫ ጥፋት ለሌለበት ሰው ነው” አለ አይቸው። “የእርስዎ ተዘግቷል። አመሏን እያወቁ መንገድ ላይ አስረዋል።”

“ብትከፍቱትም አልወጣበትም” አለ ሽበሺ።

ዳኞቹ ጭንቅላት ለጭንቅላት ገጥመው ተነጋገሩ። ፍርዱ እንዲህ ሆነ፦ ሽበሺ በራሱ በሬና በራሱ እጅ፣ ሰው ሳይቀጥር፣ የቢራራን መሬት ከሰኔ ሚካኤል በፊት ያርሳል፣ ይዘራል፤ እግሩ ካልጠናም ያርማል፣ ያጭዳል። በቅሎዋም ከእንግዲህ በመተላለፊያው አትታሰርም። ቢራራ ፍርዱ ሲነበብ ስብራቱን ረስቶ ሊራመድ ሞከረ፤ ይታይሽ ደግፋ ባታስቀምጠው ሁለተኛው እግሩም በተሰበረ ነበር። የሚያውቁትም የማያውቁትም እየመጡ ትከሻውን መቱት። አንዳንዶቹ ጠዋት ሰላም ያላሉት ናቸው። የሁሉንም ፊት አንድ በአንድ ያዘ፤ እሱ እንዲህ ያለውን አይረሳም።

የእርሻው ቀን ሽበሺ ሰው ሳያየኝ ብሎ ጎሕ ሲቀድ በሬውን ጠምዶ ደረሰ። አልሆነለትም። መንደሩ ቀድሞት ወጥቶ ካቡ ላይ ተደርድሯል። ቢራራም ከሁሉ ቀድሞ በምርኩዙ እያነከሰ መጥቶ ከመሬቱ ራስጌ ተቀምጧል። ሌሊቱን የሚናገረውን ሲያሰናዳ ነው ያደረው፤ ትልሙ ጠመመ ሊል፣ በሬ አይቶ አያውቅም ወይ ሊል፣ ሰዉን ሊያስቅ።

ሽበሺ ልብሱን ሰብስቦ እርፉን ያዘ። ጅራፉን አጮኸና ገባ። የመጀመሪያው ትልም እንደ ክር ቀጥ አለ። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ጎን ገጥሞ ሄደ። ማረሻውን ከሥሩ አስገብቶ፣ ጥቁሩን አፈር ገልብጦ፣ ድንጋይ ሲገጥመው አቁሞ አውጥቶ እየወረወረ አረሰ። ቢራራ መሬቲቱን ከያዘ ጀምሮ እንዲህ ታርሳ አታውቅም። ሰዉ መሳቅ ትቶ ማየት ጀመረ። “መቼም ሽበሺ እጅ አለው” አለ አንዱ አረጋዊ። “ለጠላቱ እንዲህ ያረሰ ለራሱ ምን ሊያርስ ነው?” አለ ሌላው።

ቢራራ ደሙ ፈላ። ያሰናዳው ቀልድ ሁሉ ከአፉ ጠፋ። ጠማማ ትልም ፈለገ፤ የለም። የዘለለው ቦታ ፈለገ፤ አጣ። ሽበሺ ደግሞ ቀና ብሎ አላየውም። የሚያዩት ሰዎች በእርሻው ይፈርዱብኛል ብሎ የፈራ ይመስል፣ መሬቱን ብቻ እያየ ይመላለሳል።

ፀሐይ ወደ ላይ ስትወጣ የማኅበሩ ሰዎች መጡ። ዳር ዳሩን ዞሩ፣ አፈሩን በእግራቸው ገለጥ አደረጉ፤ አንዱ፣ “ይቺስ ታርሳለች፤ የቢራራ ናት” አለና አለፉ። ይታይሽ ከካቡ ላይ ሆና እልል አለች።

ቢራራ ግን አልበቃውም። መሬቲቱ ቀረችለት፤ ምስጋናው ግን ወደ ሽበሺ ሄደ። በምርኩዙ ተነሥቶ በወሰኑ ላይ እያነከሰ ዞረ፤ ከታች በኩል፣ ከሽበሺ ድርሻ ጋር የምትዋሰነው ጫፍ ላይ ሲደርስ ቆመ። በካቡ ጥግ፣ በሬ አዙሮ ለማረስ የማይመች፣ የአንድ ሰው መኝታ የምታህል ሣር ቀርታለች።

“አያ ሽበሺ” ብሎ ተጣራ፤ ካቡ ላይ ያለው ሁሉ እንዲሰማ ድምፁን ከፍ አድርጎ። “ይቺ ቀርታለች።”

ሽበሺ በሬውን አቆመ። ላቡን በክንዱ ጠረገ። ወደ ጥጓ ተመለከተ፣ ወደ ቢራራ ተመለከተ። ከዚያ በሬዎቹን እዚያው ትቶ፣ ካቡ ሥር የተቀመጠችውን መቆፈሪያ አነሣና ወደ ጥጓ መጣ።

“ፈቀቅ በል፤ አፈር እንዳይመታህ” አለው።

ቢራራ ፈቀቅ አለ፤ ሩቅ ግን አልሄደም። እስከ መጨረሻው ቆሞ አየው።